ሳጥኑን ተይና ቢላ ግዢ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ይውላል፤ ማታ ደግሞ እንጨት የሚቀርጹ ሰዎችን ቪዲዮ በስልኩ ሲያይ ያመሻል። በቀደም የወጥ ቤት ቢላ አንስቶ ሞከረ፣ አውራ ጣቱን ቆረጠና ተወው። ልደቱ እየደረሰ ስለሆነ ለጀማሪ የሚሆን የእንጨት መቅረጫ ልገዛለት አስቤያለሁ። በሚያምር የእንጨት ሳጥን የተደረደረ ባለ 12 ፍሬ መሮ አይቼ ልቤ ሄዷል፤ ዋጋውም አያስደነግጥም። እናታችን ግን «ደግሞ ጣቱን ይጨርስ?» እያለች ነው። ሳጥኑን ልውሰደው ወይስ ሌላ ነገር ልፈልግ? (በነገራችን ላይ ግራኝ ነው፤ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ አላውቅም።)
የወንድሟ ነገር የማይሆንላት

መልስ፦ እህቴ፣ «በነገራችን ላይ» ብለሽ በቅንፍ የወረወርሻት ነገር ከደብዳቤሽ ሁሉ ትልቋ ናት። ግራኝ መሆኑ ለውጥ ያመጣል። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ሳጥኑ እናውራ።

አትግዢው።

እኔም የጀመርኩት በዚያ ሳጥን ነው። የኔም ባለ 12 ነበር። ክዳኑን ስከፍት የመሮዎቹ ሰልፍ ደስ ሲል! ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ቁራጭ እንጨት ጋር ታገልኩ። መሮው እንጨቱን አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል። ጥፋቱ የኔ መሰለኝ፤ እጄ ለዚህ አልተፈጠረም ብዬ ሳጥኑን አልጋ ስር ከተትኩት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነገሩን የሚያውቅ ወዳጄ አንዱን መሮ አንስቶ ጫፉን በጥፍሩ ነካ አደረገና ሳቀ። ለካ ጭራሽ አልተሳለም። ልሳልልህ ብሎ ሳለው፤ ብረቱ ለስላሳ ስለነበር ስለቱ ሁለት ደቂቃ እንኳን አልቆየም። እኔ ራሴን ስወቅስ የከረምኩት በዶልዱም ብረት ነበር።

ርካሽ ስብስብ ሁሌም እንዲህ ነው አልልም፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲህ ነው። ለአንድ ጥሩ መሣሪያ የሚበቃው ገንዘብ ለ12 ሲከፋፈል ምን ሊተርፍ? ከ12ቱ ደግሞ ጀማሪ የሚነካው ሁለቱን ወይ ሦስቱን ነው።

ሌላም አለ፣ እናትሽን ከሚያሳስባት ጋር የሚገናኝ። መሮ በሁለት እጅ የሚሠራበት ዕቃ ነው። እንጨቱ ጠረጴዛ ላይ በክላምፕ ወይ በሞርሳ መታሰር አለበት። አንዱ እጅ መሮውን ይገፋል፣ ሌላው ይመራዋል። ሁለቱም እጆች ከስለቱ ኋላ ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ግን ክላምፕ የለም። ስለዚህ ጀማሪው ምን ያደርጋል? እንጨቱን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው መሮውን ይገፋል። መሮው ድንገት ካመለጠ የሚሄደው ወደ መዳፉ ነው። በዚያ ላይ ዶልዱም ስለሆነ በሙሉ ጉልበት ነው የሚገፋው። እናትሽ ሳጥኑን ብትፈራው እውነቷን ነው።

አሁን የኔ ሐሳብ፦ አንድ ጥሩ ቢላ፣ እሱን ስል አድርጎ የሚያቆይ ቆዳ፣ ለስላሳ እንጨትና ጓንት። በቃ። ባለ 12ቱን ያህል ዓይን አይሞላም፣ አውቃለሁ። ግን ወንድምሽ በዚያው ማታ ቁጭ ብሎ ሊሠራበት ይችላል፤ ሳጥኑን የሰጠሽው እንደሆነ መጀመሪያ ክላምፕ፣ ከዚያ መሳያ ድንጋይ፣ ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ እንጨት ፍለጋ መውጣቱ ነው።

ወደ ገበያ ከመሄድሽ በፊት ግን ትንሽ ስለላ ያስፈልጋል። ምን ዓይነት ቪዲዮ ነው የሚያየው? «እንጨት ቅርጽ» ብለን በአንድ ስም እንጥራው እንጂ ውስጡ ሌላ ሌላ ነው። አንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ቢላ ይዞ ወፍ፣ ድብ፣ ፂማም ሽማግሌ ይቀርጻል። አንዳንዱ ማንኪያና ጭልፋ ነው የሚወደው። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አበባና ቅጠል ያወጣል፤ መሮ የሚያስፈልገው በዋናነት ይኼኛው ነው። ሌላው ደግሞ ጣውላው ላይ በቢላ ጫፍ ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮችን እየፈለቀቀ ጌጥ ያወጣል። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ «እስኪ የምትወደውን አሳየኝ» በይው። እሱ እያወራ እጃቸው ላይ ያለውን ዕቃ እይ። ሚስጥሩን ሳታወጪ መልሱን ታገኛለሽ። ባይሳካልሽም አትጨነቂ፤ በመሮ ከሚሠራው የጣውላ ሥራ በስተቀር ሁሉም የሚጀምረው በቢላ ነው።

እንግዲህ ቢላው። ስለቱ አጭር ይሁን፤ ከ4 እስከ 8 ሴንቲሜትር። የወጥ ቤቱ ቢላ ጉድ የሠራው ይመስለኛል በርዝመቱ ነው፦ ጫፉ ከእጅ ሲርቅ የት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ቀጭን ስለሆነ ደግሞ ይለመጣል። የመቅረጫ ቢላ ጀርባው ወፈር ያለ ነው፣ አውራ ጣት አስደግፈው ይገፉታል። የሚታጠፍ ሴንጢ አትግዢ፤ በተለይ ሲከፈት የማይቆለፈውን፣ ጫፉ እንጨት ውስጥ ሲገባ ጣት ላይ ሊዘጋ ይችላል። እጀታው ሞላ ያለ፣ እንቁላል መሳይ፣ መዳፍ የሚሞላ ይሁን። የጣት ቅርጽ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለበት እጀታ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን ጎድጓዳው የተሠራው ለአንድ ዓይነት አያያዝ ነው፣ ቀራጭ ደግሞ በየደቂቃው አያያዙን ይቀያይራል።

ስም ጥሪ ካልሽኝ፣ ለጀማሪ ዓይኔን ሳላሽ የምመክረው የስዊድኑን ሞራ ነው። ሞራ ከተማም ነው፣ የቢላውም ስም ከዚያ ነው የመጣው፤ የፋብሪካው ታሪክ እ.ኤ.አ. 1891 ይጀምራል። ሞዴል 120 ወደ 6 ሴንቲሜትር፣ 106 ደግሞ ወደ 8 ሴንቲሜትር ስለት አላቸው። ለትንንሽ ቅርጽ 120፣ ማንኪያም የሚያምረው ከሆነ 106። ሁለቱም መሐሉ ጠንካራ፣ ጎንና ጎኑ ለስለስ ያለ ድርብርብ ብረት ናቸው፤ እጀታቸው ቀለም ያልተቀባ በርች እንጨት ነው። የምወድላቸው ግን ሌላ ነገር ነው። የስለቱ ተዳፋት፣ ማለትም ከጎኑ ወደ ጠርዙ የሚያዘቀዝቀው ገጽ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ሲሳል ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ መሳብ ብቻ ነው፣ ማዕዘን ልገምት እያሉ መጨነቅ የለም። ፍሌክስከት የሚባለው አሜሪካዊም ከካርቶኑ ስል ሆኖ በመውጣት ስም አለው። ቢቨርክራፍት የዩክሬን ነው፤ ቢላውን፣ ቆዳውንና ቅባቱን አንድ ላይ ያደረገ ትናንሽ ጥቅል ስለሚሸጥ ለስጦታ ይመቻል። ሌላ ብራንድ ካገኘሽም ችግር የለም፤ ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ «ተስሎ ነው የሚመጣው?» መልሱ ውስጥ «ትንሽ ሳል ሳል ካደረጉት» የሚል ነገር ካለ እለፊው።

ከካርቦን ብረት የተሠሩት ዝገት ይይዛቸዋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ በቀላሉ ይሳላሉ። ሥራ ሲያልቅ ጠርጎ ጠብታ ዘይት ማስነካት ነው። ይህን ካርዱ ላይ ጻፊለት።

አሁን ወደ ግራኝነቱ። ቀጥ ያለው ቢላ ከሁለቱም ጎን እኩል የተሳለ ከሆነ (ከላይ የጠራኋቸው ሁለቱ ሞራዎች እንደዚያ ናቸው) ግራ ቀኝ የለውም፤ በየትኛውም እጅ ይሠራል። ጣጣው ያለው ማንኪያ ሲመጣ ነው። የማንኪያን ሆድ የሚቦረቡረው ቢላ ቆልማማ ነው፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። እሱ የቀኝና የግራ አለው። የቀኙን ለግራኝ ብትሰጪው ስለቱ በተሳሳተው ወገን ይሆንበታል፤ ወደ ራሱ መሳብ ያለበትን ወደ ውጭ መግፋት ይጀምራል፣ እንጨቱም እጁም ይደክማሉ። ሞራ 164 የሚባለውን ቆልማማ ለቀኝም ለግራም ለየብቻ ይሠራዋል። 162 ደግሞ ሁለቱም ጠርዙ ስለት ነው፣ በሁለቱም እጅ ይሆናል፤ ግን ጀርባው ላይ አውራ ጣት ማሳረፍ ስለማይቻል ለጀማሪ አልወደውም።

ግራኝነቱ አንድ በጎ ጎንም አለው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ቀራጭ ከካሜራው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያስተምር ወንድምሽ የሚያየው ልክ መስታወት ውስጥ እንዳለ ምስል ነው። እኛ ቀኞች በጭንቅላታችን ስንገለብጥ እሱ እንዳየው ይቀዳል።

ቆዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው እሱን ነው። በጣም ስል የሆነ ቢላ እንኳን ግማሽ ሰዓት ከተሠራበት በኋላ ስለቱ ይሞታል። ጀማሪ ይህን ቶሎ አያውቀውም፣ ዝም ብሎ ጉልበት ይጨምራል። ጉልበት ሲጨምር ነው ቢላ የሚያመልጠው። ስል ቢላ የሚያስፈራ ቢመስልም የት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ዶልዱሙ ነው ሰው የሚያቆስለው። መድኃኒቱ ጣውላ ላይ የተለጠፈ ቁራጭ ቆዳና አረንጓዴ ቅባት ነው። አረንጓዴ የሚያደርገው ክሮሚየም ኦክሳይድ የሚባል በጣም የላመ ዱቄት ነው፤ ብረቱን በቀስታ ያለሰልሰዋል። ፀጉር አስተካካዮች ምላጫቸውን ቆዳ ላይ ሲያመላልሱ አይተሽ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ተዳፋቱን ቆዳው ላይ አስተኝቶ ወደ ኋላ ብቻ መሳብ፣ የቢላው ጀርባ እየቀደመ ስለቱ እየተከተለ። ወደ ፊት ከተገፋ ቆዳውን ይቆርጠዋል። መጨረሻው ላይ ቢላውን ወደ ላይ ቀና ማድረግም ክፉ ልማድ ነው፣ ጠርዙን ያድበለብለዋል። በየጎኑ ከ10 እስከ 20 ጊዜ፣ በየግማሽ ሰዓቱ። ይህን የለመደ ሰው ድንጋይ ፍለጋ የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለቱ ሲሸረፍ ወይ ቆዳው ከነጭራሹ አልረዳ ሲለው። ስለዚህ ድንጋዩን አሁን አትግዢ።

ቢላው ስል መሆኑን እንዴት ያውቃል? ወረቀት መቁረጥ ብዙም አይነግርም። ለስላሳ እንጨት ከጭረቱ ተሻግሮ፣ ማለትም በላዩ የሚታዩትን መስመሮች አቋርጦ ይቁረጥ። የተቆረጠው ቦታ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ነጫጭ ሽንትርትር ካሳየ ወደ ቆዳው ይመለስ።

እንጨቱን እንዳትረሺ። እንጨት የሌለው የመቅረጫ ስጦታ ባትሪ እንደሌለው መጫወቻ ነው። ከመንገድ የተለቀመ ጣውላ በቂ መስሎሽ ከሆነ አይደለም፤ የድሮ ሳጥን ጣውላ ሚስማር፣ ቀለም ወይም የተባይ መከላከያ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል። ጥድ መሰል እንጨቶች ደግሞ ያሳስታሉ። ለስላሳ ይባላሉ፣ ግን አንዱ መስመር ለስላሳ ቀጣዩ ጠንካራ ስለሆነ ቢላው ይዘልላል፣ ይያዛል፣ ደግሞ ይዘልላል። ባልሳ ከልኩ በላይ ለስላሳ ነው፤ ከመቆረጥ ይልቅ ይጨፈለቃል። የሚፈለገው ሊንደን ነው፤ የአሜሪካው ዝርያ ባስውድ በሚል ስም ይሸጣል፣ አንድ ወገን ናቸው። መስመሩ የማይጎላ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ ለቢላ የሚታዘዝ። የጀማሪ እንጨት ነው ብለሽ ግን እንዳትንቂው። ጀርመናዊው ቲልማን ሪመንሽናይደር ከ500 ዓመት በፊት፣ በእንግሊዝ አገር የሠራው ግሪንሊንግ ጊበንስ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ዛሬም ሰው ቆሞ የሚያደንቃቸውን ሥራዎች ያወጡት ከዚሁ ወገን እንጨት ነው። ጊበንስማ የአበባን ቅጠል ብርሃን ሊያሳልፍ እስኪመስል ድረስ አሳስቶ ይቀርጽ ነበር።

5 በ5 በ10 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆኑ ቁራጮች ይበቁታል። ግን አንድ ሳይሆን ስድስት ሰባት ይሁኑ። አንድ ብቻ ከሆነ ማበላሸት ይፈራና አይነካውም፤ ስድስት ካለ የመጀመሪያውን ለመላጥ ብቻ ያውለዋል፣ ትክክለኛውም አጠቃቀም ያ ነው። ማንኪያ ከሆነ ፍላጎቱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማንኪያ የሚመቸው ከዛፍ ቶሎ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ነው፣ ውኃው ገና ስላለበት በቀላሉ ይቆረጣል። እሱን ራሱ ያፈላልገው፤ ግን ምን ዛፍ እንደሆነ ሳያውቅ አይንካ። ኦሊያንደርን የመሰሉ መርዛማ ተክሎች አሉ፣ ማንኪያ ደግሞ አፍ ውስጥ ይገባል።

እናትሽን በሚመለከት። ጓንት ግዢላቸው እልሻለሁ፤ ለእሱ ነው የሚሆነው፣ እንቅልፍ የሚሰጠው ግን ለእሳቸው ነው። ቆረጣ የሚቋቋም ጓንት የሚለበሰው ቢላ በያዘው እጅ ሳይሆን እንጨት በያዘው ነው። ለወንድምሽ ቀኙ ማለት ነው። ቢላ በያዘው እጅ ላይ ደግሞ አውራ ጣቱ ይሸፈን፣ በቆዳ መሸፈኛ ወይም በወፍራም ፕላስተር፤ ብዙ ሰው ቢላውን ወደ አውራ ጣቱ እየሳበ ነው የሚልጠው፣ የወንድምሽም ጣት የሄደችው በዚያ ይመስለኛል። ጓንቱ ላይ ኢኤን 388 የሚል የአውሮፓ መለኪያ ካየሽ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» የሚሄድ ፊደል ፈልጊ፤ ወደ «ኤፍ» በቀረበ ቁጥር ስለትን ይበልጥ ይቋቋማል። ጓንት ግን አስማት አይደለም፦ ስለቱ ሲንሸራተት ያድናል፣ የሾለ ጫፍ ሲወጋ ግን በጥልፉ መሐል ያልፋል።

ሦስት ነገር ደግሞ ከአንቺ ይስማ፣ ከእናቱ ከሚሰማ ይሻላል። አንደኛ፣ እንጨቱን ጭኑና ጭኑ መሐል አድርጎ እንዳይቀርጽ። በጭን ውስጠኛ ጎን ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፣ እሱ ከተቆረጠ ወሬው ስለ ፕላስተር አይደለም። ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ከጉልበቱ ፊት ይሥራ። ሁለተኛ፣ ቢላ ሲወድቅ ልያዝህ አይበለው፤ ይውደቅ። ሦስተኛ፣ ክንዱን ዘርግቶ ዙሪያውን ሲያዞረው የሚደርስበት ቦታ ማንም አይግባ። የመጀመሪያ ሳምንት የእጅ ጡንቻ ቶሎ ይዝላል፣ 20 ደቂቃ ሠርቶ ቢያርፍ አያሳፍርም። እንደ ኮምፒውተር ሥራው ዓይኑ እስኪፈዝ ከቀጠለ ነው የሚቆረጠው።

መሮ ይቅር አላልኩም። ስለላሽ ጣውላ ላይ አበባና ቅጠል የሚያወጡትን እንደሚወድ ካሳየሽ እንኳን 12 አትግዢ፣ ሦስት ግዢ፦ አንድ ሰፋ ብሎ በትንሹ የጎበጠ፣ አንድ ጠለቅ ያለ፣ አንድ አፉ እንደ ቪ ፊደል የሆነ። ከነሱ ጋር ክላምፕ የግድ ነው። መሮ ላይ የምታያቸው ቁጥሮች ግራ እንዳያጋቡሽ፤ በእንግሊዙ አቆጣጠር የመጀመሪያው ቁጥር የጉብጠቱ ነው፣ 3 ጠፍጣፋ ሊባል ምንም ያልቀረው፣ 9 የክብ ግማሽ። ሁለተኛው ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። አምራቾች በቁጥሩ ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፣ ስለዚህ ከአንድ አምራች መግዛት ይቀላል። የስዊዘርላንዱ ፋይል (የአምራቹ ስም ነው) ለዚህ ሥራ የሚከበር ነው፤ ዋጋው ግን ስለሚከብድ ወንድምሽ ለነገሩ የጸና መሆኑን ካየሽ በኋላ ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው።

በጀትሽ ከጠበበ ከኋላ እየቆረጥሽ ነይ። ቆልማማው ይቅር። ጓንቱን፣ ቆዳውንና እንጨቱን ግን እንዳትነኪ፤ ለብራንድ ስም ብለሽ እነሱን ከምታስቀሪ ቢላውን ረከስ አድርጊው። ከቢላው ጋር አፎት መምጣቱንም እይ፤ ካልመጣ ስለቱን በወፍራም ካርቶን ጠቅልለሽ እሰሪው፣ ስጦታውን ሲቀድ ጣቱ ቀድማ እንዳታገኘው።

ማንኪያ ነው ብለሽ ቆልማማውን ለማዘዝ ከወሰንሽ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። አንዳንድ ሻጭ «የግራ» የሚለው ስለቱ የታጠፈበትን አቅጣጫ አይቶ ነው፣ ሌላው የሚይዘውን እጅ አስቦ። ስለዚህ «የግራ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ቢላውን በግራ እጁ ለሚይዝ ሰው ነው ወይ?» በይው፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ።